የታናሽ እህቷ ወንበር

ልብስ ሰፊዋና ታናሽ እህቷ ፓርቲው ውስጥ የገቡት በአንድ ቀን ነው። ያኔ ሁለቱም ልጃገረዶች ነበሩ፤ ፓርቲው ግን ያኔም ሥልጣን ላይ ነበር። ታላቂቱ ባንዲራ ሰፋች፣ የስብሰባ አዳራሽ ጠረገች፣ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። ታናሺቱ አፈ ቅቤ ነበረችና የሰፈሩ የቤቶች ኃላፊ ሆነች። ከዚያ ወዲያ የቀሚሷን ወገብ በየዓመቱ የምታሰፋላት ያችው እህቷ ናት። ታናሺቱ መስታወት ፊት ቆማ እየሳቀች፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ትላለች። የታላቂቱ አንጀት እርር ይላል። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ ለአንዷ ሥጋ ለአንዷ አጥንት!

አንድ ቀን ታናሺቱ እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታየች። ለድሆች ከተሠሩት ቤቶች ሦስቱን በባሏ እህቶች ስም ወስዳለች ተባለ። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች፤ እህት ናትና። እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ግን ወንበሩ ባዶ መሆኑ ትዝ አላት።

እሁድ የሰፈሩ አባላት ተሰበሰቡ። በነሱ ወግ ወንበሩን የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተነሥቶ የወደቀውን መተቸት አለበት። ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። «እህቴ የሕዝብን አደራ በልታለች» ብላ ደህና ጀመረች። መሃል ላይ ቅናቷ አመለጣት።

«ሦስት ቤት ለባሏ እህቶች! እኔ የእናቷ ልጅ በሚያፈስ ኪራይ ቤት እየኖርኩ፣ አንዲት ክፍል እንኳን ነፈገችኝ!»

ከኋላ የተቀመጡት ጡረተኛ ሹፌር ብቻ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እኔ ለተዘረፈው ሕዝብ ያዘንን መስሎኝ» አሉ። «ለካ ተራው ስላልደረሰን ነው!»

የአባልነት መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ። አስተማሪዋ ተከተለቻቸው፣ ዳቦ ጋጋሪው ተከተለ፣ ከዚያማ በሩ ጠበበ። ሰብሳቢው «ጓዶች! ኧረ ጓዶች!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

የቀሩት ጥቂቶች እጃቸውን አወጡና ልብስ ሰፊዋ ተመረጠች። ስትቀናበት የኖረችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል! ሰብሳቢው ጠጋ ብለው እጇን ጨበጡ።

«አደራ፣ እንደ እህትሽ እንዳትሆኚ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን አደረገችዎ?»

«ብቻዋን በላቻ!»

«ኧረ እኔስ እንዲያ አላደርግም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከልቧ ነበር።