የቆመው መኪና ሄደ

የመኪናው ሞተር ጠፍቷል። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው። የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ስቤዋለሁ። መኪናው ግን እየሄደ ነው።

መጀመሪያ አጠገቤ የቆመው መኪና የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል የጎረቤቱ ፖስታ ሳጥን በመስኮቴ በኩል ቀስ ብሎ አለፈ። ፖስታ ሳጥን አይሄድም! እኔ ነኝ የምሄደው! ፍሬን ረገጥኩ፣ ምንም። በሁለት እግሬ ረገጥኩ፣ ምንም። ጎማዎቹ ታስረዋል፣ አንዱም አይዞርም፣ እንደታሰሩ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ድምፅ እንኳን የለውም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ጎማ ሲንሸራተት ይጮሃል ብዬ ነበር የማውቀው።

ሶ፣ እዚያ ምን እሠራ ነበር?

ሽማግሌ ልኬ ነው። የልጅቷ ቤት ሬንተን የሚባል ከተማ ነው፣ ዳገት ላይ። አባቷ ሐሙስ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚያ ደግሞ ልጅቷን ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። እሷ እምቢ ማለት ትችላለች፣ ማንም አያስገድዳትም። ግን "አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም" ብላኛለች፣ እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው። ስለዚህ ወይ ዛሬ እሁድ፣ ወይ መቼም። እና ፈጣሪ ያንን ሳምንት መርጦ በረዶ አወረደ። ቅዳሜ ቀን ላይ ቀለጥ አለ፣ ሲመሽ መስታወት ሆነ። ይሄ አገር የለመደው ዝናብ ነው፣ እንዲህ ሲሆን ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ቤቱ ቁጭ ይላል። እኛ ሽማግሌ ጭነን ወጣን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አጎቴ ነው፣ ድሮ ወለጋ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ። አንዱ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፣ ምላሳቸው ድርድር ላይ ያደገ። ሦስተኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሼ ናቸው፣ ብዙ አያወሩም፣ ለግርማ ሞገስ ነው የመጡት።

ሐጂ ሱቅ በር ላይ በረዶውን ከመስታወቱ ስፍቅ አጎቴ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገው።

"ክብደት የለውም" አለ። "ጎማ ካልከበደው መሬት አይነክስም።"

"አጎቴ፣ ይሄ ኦል ሲዝን ነው። ለሁሉም ወቅት ማለት ነው። ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።"

"እኔ ወለጋ ጭቃ ውስጥ ስነዳ ጎማ እያነበብኩ አልነበረም። ኋላውን ጫን!"

ሐጂ ከሱቃቸው አራት ከረጢት ጤፍ አስወጡ። የመኪናው ኋላ ትራንክ ውስጥ ስደረድር በላዬ ላይ ቆመው፣ "ተመላሽ ነው፣ ኦኬ? አንዱ ከተቀደደ አንተን ነው በወንፊት የምነፋህ" አሉኝ። ይሄም አልበቃም፣ አጎቴ "ጋቢና ማንም እንዳይቀመጥ" ብሎ ሦስቱም ነጠላቸውን ለብሰው ኋላ ወንበር ላይ ተጠቀጠቁ። በመስታወቱ ሳያቸው የጥጥ ኩንታል የጫንኩ ነው የሚመስለው።

ዳገቱ ሥር ደረስን። ነዳጅ ሰጠሁ። የፊት ጎማዎቹ ዞሩ፣ መኪናው ቆመ። ጨመርኩ። ጎማው እንደ ወፍጮ ይዞራል፣ እኛ እዚያው ነን።

"ቢስሚላህ" አሉ ሐጂ።

"በስመ አብ" አሉ ጋሼ።

"ሁለተኛ ማርሽ አስገባ!" አለ አጎቴ።

"አውቶማቲክ ነው!"

"ታዲያ ምኑ መኪና ነው?"

ወደ ኋላ ወርጄ፣ ከሩቅ ተንደርድሬ፣ መሪውን ግራ ስለው ቀኝ እየሄደ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ወጣን። ቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ።

እኔ እዚያ መገኘት አልነበረብኝም። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይታይም። ግን በዚያ በረዶ የሚነዳ ሌላ ሰው ጠፋ። አጎቴ "ወንበሩን አስተኝተህ ተደበቅ" አለኝና ወረዱ። ሦስቱ ተያይዘው፣ እንደ ሕፃን እየዳኹ ማለት ይቻላል፣ በር ደረሱ።

ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ግቡ ሲሉት ይገባል፣ ቁጭ በሉ ሲሉት "የመጣንበት ሳይሰማ" ብሎ ይቆማል። ከተቀመጠ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። የሳሎናቸው መስኮት ትልቅ ነው፣ ከመንገዱ ከፍ ይላል። ተኝቼ አንገቴን አሹልኬ አያለሁ። ሦስት ራስ ይታየኛል። ቆመዋል። ቆመዋል። አሁንም ቆመዋል።

እና መኪናው ሄደ።

በኋላ ጎማ ቤት ሄጄ ነው የገባኝ። የነዳሁበት ጎማ ሞቅ ይላል፣ ሥሩ ያለውን በረዶ በስሱ ያቀልጠዋል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ውኃ ያለበት በረዶ በቃ ሳሙና ነው። የኔ ጎማ በዚያ ብርድ ደርቆ ላስቲክነቱን ትቷል። የበረዶ ጎማ የሚባለው በብርድም ለስለስ እንዳለ ይቆያል፣ ጥርሱ ላይ ብዙ ትንንሽ ስንጥቅ አለው፣ በሱ ነው የሚይዘው። ለሁሉም ወቅት ነኝ የሚል ጎማ እንደ አንዳንድ ጓደኛ ነው፣ ለሁሉም ነኝ ይልና ለክፉ ቀን አይገኝም።

ያኔ ግን ይሄን አላውቅም። መሪውን አቅፌ እየጮህኩ ወረድኩ። ከታች ጥግ ላይ የአባቷ መኪና ቆሟል፣ አዲስ ነው፣ የሚያብለጨልጭ። የኔው እንደ ጥጃ ሄዶ ጎኑን ተጠጋው። ጧ እንኳን አላለም። ቲክ አለና ቆመ።

ልክ ያኔ የቤቱ በር ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ወጡ፣ አባቷ ሊሸኟቸው ከኋላ። ድምፃቸው እስከኔ ይሰማል። "ከዘመድ ልማከርበት። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ።"

ከፋሲካ በኋላ ማለት አለቀ ማለት ነው።

አጎቴ መኪናው የነበረበትን ቦታ አየ። ከዚያ ጎማዎቹ ያሰመሩትን መስመር አየ። ከዚያ እኔን። ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። አባቷ ግን ቁልቁል መጡ፣ ቀጥ ብለው፣ አይንሸራተቱም። ሳይ ጫማቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቀዋል! መስኮቴን አንኳኩ።

"ውረድ።"

እግሬ መሬት ሲነካ ሄደ። በቂጤ ዱብ አልኩ። እዚያው ተቀምጬ "እንደምን ዋሉ" አልኳቸው።

"ሹፌሩ ነህ?"

"አዎ።"

"ልጁም ነህ?"

ሐጂ ከላይ ሆነው "ሹፌር ነው! ሹፌር ብቻ ነው!" ብለው ጮሁ።

አባቷ ጎንበስ ብለው ጎማዬን በጥፍራቸው ጫን አደረጉት። "ድንጋይ" አሉ። "ልጄን በዚህ ነው ኖርዝጌት ሥራ ድረስ የምታመላልሳት?"

ክው አልኩ። ያውቃሉ! እሷም እኔም ለሚስጥሩ ስንሞት ያውቃሉ! እኔ ደግሞ ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ የተፈጠርኩት እንደዚህ ነው።

"ታዲያ በዚህ ነዋ! ዝናብ ላይ አንድ ቀን ሸርተት ብሎ አያውቅም! የሸጠልኝ ሰውዬ ለሁሉም ወቅት ነው አለኝ! በረዶ ወቅት አይደለም እንዴ?"

ትራንኩን ከፈቱ። "ይሄ ምንድነው?"

አጎቴ በቂጡ እየተንሸራተተ ደርሶ ነበር። "ክብደት ነው" አለ በኩራት። "ኋላው እንዲነክስ።"

"ይሄ መኪና እኮ የሚጎትተው በፊት ጎማው ነው። ኋላውን ስታከብዱት ፊቱን አቀለላችሁት።"

አጎቴ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች የተባለ ነው የመሰለው። "በፊት? እንደ ጋሪ ፈረስ?" ዞሮ እኔን አየኝ። "ይሄን ጉድ ይዘህ ነው ሽማግሌ የጫንከው?"

ጤፉን አውርደን እየተንሸራተትን በራቸው ላይ ደረደርነው። መኪናውን ሞከርን፣ ባለበት ዞረ። የአባቷ ደግሞ በኔ ተዘግቷል። ሁለቱም ጎማ ላይ የሚታሰር የበረዶ ሰንሰለት የላቸውም። ማንም የትም አይሄድም። እናቷ በር ላይ ብቅ አሉና ጤፉን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ውይ! ጥሎሹ ከመልሱ ቀደመ እንዴ?"

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉ። "ለቤቱ ነው፣ እመቤቴ" አሉ፣ እኔን በወንፊት ሊነፉኝ በሚመስል ዓይን እያዩ።

አጎቴ ነጠላውን አስተካከለና በሩ ላይ ቆመ። "ተመለሱ ብለውን ነበር። ተመልሰናል።"

"ከፋሲካ በኋላ ነው ያልኩት" አሉ አባቷ።

"መንገዱ ፋሲካን አልጠበቀም፣ ምን እናድርግ?"

ገቡ። እኔ ውጪ ቀረሁ፣ ደንብ ነው። ብርዱ አጥንቴ ገባ። በመስኮቱ ሦስት ራስ፣ እንደገና ቆመዋል። የጋሼ ራስ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ጉልበታቸው ነው። እናቷ በእጃቸው ወንበር ያሳያሉ፣ ሦስቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቷ ወደ ባላቸው ዞረው ብዙ ተናገሩ። አባቷ በጣታቸው ወደ ውጪ ጠቆሙ፣ ወደ ጎማዬ። ከዚያ ወደኔ።

የጋሼ ራስ ጠፋ።

ወደቁ! በኔ ጦስ ሽማግሌ ሞተ! ልሮጥ ስል እግሬ ከዳኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ቀና ስል የሐጂም ራስ የለም። የአጎቴም የለም። ሦስቱም አንድ ላይ እንዴት ይወድቃሉ?

አልወደቁም። ተቀምጠዋል።

በሩ ተከፈተና እሷ ወጣች። አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ ወረወረችልኝ። "ጫማህ ላይ አድርገው ብሎሃል አባቴ።"

"ምን አሉ?"

"ጎማውን ሳይቀይር ልጄ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም አለ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ቁጭ በሉ አላቸው።" በሩን በሰፊው ከፈተችው። "ና በቃ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

በረዶው ላይ ተቀምጬ ካልሲውን ጫማዬ ላይ አጠለቅኩት። የአባቷ ነው፣ ተረከዙ ላይ ቀዳዳ አለው። ተነስቼ ዳገቱን ወጣሁት። አልተንሸራተትኩም።