የሙሐሲን ሰልፍ

ሙሐሲን ስታዲየም አካባቢ የሳሪስ ታክሲዎች ተራ አስከባሪ ነበር። እዚያው ጋዜጣ ስለምሸጥ ጠባዩን አሳምሬ አውቃለሁ። ሹፌር ቢለማመጠው አይሰማ፣ ጎረምሳ ቢዝትበት አይደነግጥ! ከሰልፍ ውጭ ሰው አያስገባም፤ በቃ። ባቡሩ ከተጀመረ ወዲህ ተራው ጭር ስላለ፣ ጋዜጣዬን በነፃ ማንበብ ሥራው ሆኖ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ባቡሩ ቆመ። ወዲያው የኳሱ ጨዋታ አለቀና ያ ሁሉ ሕዝብ አስፋልቱን ሞላው። ፉጨቱ፣ ስድቡ፣ የላብ ሽታው! አጥር ሥር የሚሸናው ደግሞ አያፍርም። ሙሐሲን ጮሆ፣ ተቆጥቶ፣ እንደምንም ሰልፍ አስያዛቸው።

ይሄኔ ልጁ ሪሐና ባቡር ጣቢያ ስትጠብቅ ቆይታ እየሮጠች መጣች። ሳሪስ ያለ ኮሌጅ የማታ ተማሪ ናት።

«አባ፣ የመጨረሻ ፈተናዬ ሊያልፈኝ ነው። ካለፈኝ እኮ ዓመቱን ልደግም ነው!»

«ከኋላ ተሰለፊ» አላት፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ።

ሄዳ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች።

የመጀመሪያው ሚኒባስ የኦልጅራ ነበር። ኦልጅራ ሪሐናን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። «ሙሔ፣ ጋቢናው የእሷ ነው፣ ትምጣ» አለው። ጋቢና የሚያስቀምጠውን የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ የተራ አስከባሪ ቤተሰብ በጋቢና ቢሄድም ማንም ቅር አይለውም። ሙሐሲን ግን «በሰልፍ ነው» ብሎ ከፊት የቆመውን ባለማልያ አስገባበት። ሰልፈኛው አጨበጨበ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። እኔ ጅሉም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሌላ ሚኒባስ ብቅ አለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ፈረሰ። ሲያጨበጭቡ የነበሩት መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። አንዱ አሮጊት ገፍትሮ ገባ፣ ሌላው ጓደኛውን በመስኮት ስቦ አስገባ። ሙሐሲን በሩ ላይ ቢቆም በክርናቸው ጎሽመው ጣሉትና ረግጠውት አለፉ። ያስጠላኝ መርገጣቸው ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ገብተው ሲስቁ ሰማኋቸው። ያን ቀን ሰው አንገሸገሸኝ፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ቦታ ያጡት ታክሲ ከመንገድ ቀድመው ለመያዝ ወደ መስቀል አደባባይ ሮጡ። ከንፈሩ የደማውን ሙሐሲንን ደግፌ አስነሳሁት። መሽቶ ነበር፤ ፈተናው ተጀምሯል። ሪሐና ደብተሯን አቅፋ፣ አባቷ ቁሚ ያላት መስመር ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«አባ፣ አንደኛ ነኝ» አለችው።