በራስጌዬ የቆመው ሕልም

ከመንደሬ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር የተነሣሁት ለአምስት ቀን ለማንም ያልነገርሁትን ሕልም ይዤ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዱኛ በራስጌዬ ቆሞ፣ ዝም ብሎ ሲያየኝ አየሁ።

በእኛ አገር ሕልም ለተገኘው ሰው ሁሉ አይነገርም። ሰሚው የሰጠው ፍች ይደርሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚያስፈራ ሕልም እንኳ ቢነገረው «ሸጋ ነው» ብሎ በደግ ይፈታዋል። ይህን ሥርዓት ያፈረስሁ እኔ ነኝ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት አውድማ ላይ ገብስ ስንወቃ፣ አዱኛ ጥርሱ ሲረግፍ ማየቱን ነገረኝ። ጨዋታ ይዞኝ ነበርና «ከቤትህ ሰው ትቀብራለህ» አልሁት። ወሩ ሳይሞላ ሚስቱ ሞተች። ከቀብር ስንመለስ «ፈትተህ የገደልሃት አንተ ነህ» አለኝና ጎንደር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።

ስለዚህ ዝም ብሎ ቆሞ ሳየው፣ ሞቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሕልም እንዳስጨነቀኝ ብቻ ብነግራቸው፣ የነፍስ አባቴ ግሪክ አገር ተቀምጠው የተማሩ የኔታ ጎንደር ውስጥ እንዳሉ፣ የሕልምን ነገር እሳቸውን ብጠይቅ እንደሚሻል መከሩኝ።

ጧት ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆምሁ። ጉሙ ገና ከገደሉ አልወጣም፤ ማኪናው የመጣው መብራቱን አብርቶ ነው። መቶ ብር ከፍዬ ከኋላ ተቀመጥሁ። የጥቁር ገብስ በሶ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ዶሮ የያዘች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ «አያ፣ እንደ ሕፃን አቀፉትሳ፤ እንዳያለቅስብዎ ነው?» ብላ ሰዉን አሳቀችው። ለማን እንደምወስደው ስትጠይቀኝ ግን ቋጠሮውን አጥብቄ አሰርሁ። አዱኛ ይህን በሶ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ ፊቱ ለመቅረብ ግን ገና አልቆረጥሁም ነበር።

ቁልቁል በወረድን ቁጥር ብርዱ እየለቀቀን ሄደ። ወለቃ ስንደርስ የሸክላ ሥራው በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎንደር ገባን።

የኔታን ያገኘኋቸው በሚያስተምሩበት ደብር ግቢ፣ ጥድ ሥር ነው። ሕልም አይቼ መጨነቄን ብቻ ነገርኋቸው እንጂ ሕልሙን አልነገርኋቸውም። እሳቸውም በጥንት የግሪክ ቋንቋ በእንቅልፍ የሚታየው «ኦናር» እንደሚባል አስረዱኝ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋን ነገርም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እንደ እኛው ሕልም «አየሁ» ይላሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦

«የጥንቶቹ ሲተርኩት፣ ሕልም እንደ ሰው ይመጣል፤ መጥቶም ከተኛው ሰው ራስጌ ይቆማል።»

ባሕር ማዶ ያሉ፣ ኮሶዬን በስሟ እንኳ የማያውቁ፣ ከሞቱ ስንት ዘመን የሆናቸው ሰዎች፣ አዱኛ ከአልጋዬ በየትኛው ወገን እንደቆመ እንዴት አወቁ? ቀና ብዬ ጥዱን አየሁ፤ ቅጠሉም የሚያዳምጥ መሰለኝ። ዝም ማለት አቃተኝና ሁሉን ዘርዝሬ ነግሬያቸው፣ እንዲፈቱልኝ ለመንሁ።

«እኔ ቃል አስተምራለሁ እንጂ ሕልም አልፈታም» አሉኝ በቀስታ። «ነቅተህ፣ በዐይንህ በብሌኑ የምታየውን ደግሞ ‹ኢፓር› ይሉታል። ኦናሩን አይተሃል። ወንድምህ ያለው እዚሁ ከተማ ነው፤ ሂድ፣ ኢፓሩን እይ።»

እህል ተራ እንደሚውል ሰምቼ ስለነበር ወደ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። አዱኛ ከአንድ እህል ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። በሕይወት አለ። ጠጉሩ እንደኔው ነጥቷል። ቀና ብሎ ሲያውቀኝ «ደኅና ነዎት?» አለኝ። እንደ ባዳ አንቱ ማለቱ ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

«ሕልም አይቻለሁ» አልሁት። «ለአንተ ልነግር ነው የመጣሁ። እንደ ወደድህ ፍታው።»

መርፌው ቆመ። እጁ ላይ ምን እንዳስቀመጥሁለት ገብቶታል። ክፉ ቢናገር ክፉው የሚደርሰው በእኔ ላይ ነው፤ ብድሩንም ይመልሳል። ሕልሙን ነግሬው ስጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ጆንያውን አጠፈ።

«ቆሜ ነው ያየኸኝ?»

«ቆመህ።»

«ምነው ታዲያ አያ፣ በርጩማ እንኳ አላቀረብህልኝም?»

እንደ ድሮው አንተ፣ አያ ሲለኝ ዐይኔ እንባ ሞላ። እሱ ግን ወደ ገበያው እያየ ቀጠለ፦ «ሸጋ ነው። ፍችው፣ ለመስቀል እመጣና እቀመጣለሁ ነው።»

በሶውን እዚያው በጥብጠን፣ ከአንድ ጣሳ እየተቀባበልን ጠጣን። ስለ ሚስቱ ሁለታችንም አላነሣንም፤ ሲሸኘኝ ግን ጥርሱን እያሳየኝ «አሁንማ በእውነት ረግፏል» አለ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ኮሶዬ ገባሁ። ፊደል ያልቆጠርሁ ሽማግሌ የግሪክ ቃል ይዤ መመለሴ ራሴንም ይገርመኛል። ኦናር ወደ ሰው በራሱ ይመጣል፤ ለኢፓሩ ግን ሰው ራሱ ተነሥቶ መሄድ እንዳለበት፣ እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት መዘግየቴን ተረዳሁ። እንደገባሁ የአዱኛን የድሮ በርጩማ ከጓዳ አውጥቼ አጠብሁና ከራስጌዬ አኖርኋት።