በአውሮፕላን ድምፅ ያለቀስኩት ለቅሶ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ንስሐ ስገባ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ ይቺን አስቀራለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ፍረዱብኝ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ልጄን ዮናስን ገደሉት። ቀበሌዎቹ ማልቀስም ጥቁር መልበስም ከለከሉን። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ታናሽ እህቱ ሰናይት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ጭኗን ቆነጠጥኳት። ድምፅሽ ከወጣ አባትሽን ይወስዱታል አልኳት። በማግስቱ ፀጉሯን ሠርቼ፣ ቀይ ሹራብ አልብሼ ትምህርት ቤት ሰደድኳት። ሰው ፊት ሳቂ አልኳት። ሳቀችም።

እኔስ? እኔ አለቅስ ነበር። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ ነው። አውሮፕላን እስኪነሳ ጠብቄ ጓዳ እገባና በዚያ ጩኸት ውስጥ ዮናስን እጠራለሁ። ጩኸቱ ሲያልፍ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ። ለምን ደበቅኳት? ለምን እጇን ይዤ አብረን አልገባንም? ፈርቼ ነው ልበል? አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ግን ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላስ? ከልካይ ከጠፋ በኋላም ዓይኗ እንባ ባቀረረ ቁጥር «ምን ሆንሽ፣ ማን ሞተ?» እላት ነበር። ማን ሞተ አልኳት፤ እኔ፣ ወንድሟ የሞተባትን ልጅ።

ከዓመታት በኋላ አባቷ ታሞ ሞተ። አሁን ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው መጣ፣ ሰው ደረቱን መታ። ሰናይት ግን እንደ ጎረቤት ልጅ ለለቅሶተኛው ውሃ ታድላለች። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁና አፈርኩ። አፍሬ ዝም ብል ምን ነበረበት? በሰው ፊት «አንቺ ልበ ደንዳና፣ አባትሽ እኮ ነው!» አልኳት።

ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ ለዮኒ እኮ አላለቀስሽም። ከአንቺ ነው ያየሁት» አለችኝ።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አለቅስ ነበር፣ ከአንቺ ተደብቄ ነው ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን ሂጂ ውሃሽን አድዪ አልኳት።

ዛሬ እሷም እናት ናት። ልጇ ሲያለቅስ ፊቷን አዙራ ከክፍሉ ትወጣለች። ዝም ሲል ትመለሳለች፣ ጎበዝ ትለዋለች።

ዮናስን የገደሉትን እስከ ዛሬ እረግማለሁ። ሰናይትን ግን እነሱ አልነኳትም። እሷን እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ለእሷ ሳልነግራት እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም።