ጠይባ ትራክተር ያስነሳች ለት

ሰቃ በምትባል የቡና አገር ውስጥ ጠይባ የምትባል፣ ምላሷ ከሞረድ የሚብስ ሴት ነበረች። ባሏ ቲጃኒ የባለርስቱ የቀኛዝማች ከፈለ ትራክተር ነጂ ነበር። ምሳውን ታደርስለትና የጎማው ጭቃ መከላከያ ላይ ፊጥ ብላ አብራው ስትዞር ትውላለች። ሰዉ "ባሏን እንዳይነጥቋት ልትጠብቅ ነው" እያለ ያማታል። ውሸት! እሷ የምታየው እጅና እግሩን ነው፤ የቱን እንደሚጎትት፣ የቱን እንደሚረግጥ።

ቲጃኒ፣ አላህ ይማረው፣ ወባ ወሰደው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ መሬቱ ተወረሰ፣ ቀኛዝማቹም የገቡበት ጠፋ።

ዓመታት አለፉና የአምራቾች ማህበሩ የቀኛዝማቹን ግቢ ሊመነጥር ሲገባ፣ ሐረግ የዋጠው፣ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ብረት አገኘ። ሊቀመንበሩ አባቦራ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣

"የቡና መፈልፈያ ነው!" አለ።

አይፈረድበትም። በኛ አገር ብረት ሆኖ የሚጮህ ነገር ሁሉ ቡና መፈልፈያ ነው። ጎኑ ላይ እንደ መፈልፈያ ሞተር ቀበቶ የሚጠመጠምበትን ክብ ብረትም አይቷል። ጀንፈላችሁን፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናችሁን፣ በጆንያ አምጡ ብሎ አገሩን ጠራ።

ጠይባም መጣች። ሐረጉን ገለጠች። የነዳጅ መያዣውን ክዳን ፈትታ አሸተተች፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጭቃውን ፈቀፈቀች፤ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። ከዚያ ጭቃ መከላከያውን በእጇ ዳበሰችና ሳቋ አመለጣት።

"አባቦራ፣ ጀንፈሉን በየትኛው አፉ ልታጎርሰው ነው?"

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?"

"ይሄማ የቲጃኒ ትራክተር ነው! ይቺን ስርጉድ አየሃት? እኔ ነኝ የሠራኋት፣ በዚህ መቀመጫዬ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባቦራ ፊቱ ጠቆረ።

"እንግዲያው አስነሺው! ካስነሳሽው መሪው ያንቺ ነው። ካቃተሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ አትይም!"

ያ ረቢ! ጠይባን ዝም በይ ማለት አትተንፍሺ ማለት ነው። ጎረቤቷ ረሺዳ "ተይ ጠይቤ፣ ይቅርብሽ" ብላ ቀሚሷን ብትጎትታት አልሰማቻትም።

ከጭስ መውጫው የአይጥ ጎጆ አወጣች። ውሃ ሞላች፣ ዘይት አጠጣች። ከወፍጮ ቤት አንድ ጀሪካን ናፍጣ ተለመነላት። ቲጃኒ እንደሚያደርገው ትንሿን የናፍጣ ፓምፕ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አረፋው እስኪጠፋ አየሩን አስወጣች። ወንዶቹ ጎማውን በብስክሌት ፖምፓ ሲነፉ ምላሳቸው ወጣ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ በሬዎች ጠምደው እስከ ቁልቁለቱ አናት ጎተቱላት፤ በሬዎቹ ተፈቱ።

"ግፉ! ጀባዳ! በርቱ!" አለች፣ መሪው ጋ ወጥታ ተቀምጣ።

ገፉ። ቢስሚላህ ብላ በእግሯ የረገጠችውን ፍሪሲዮን ለቀቀችው። ትራክተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ አጓራ! በሬው ወደ ጫካ፣ ሰዉ ወደ ቡናው ሥር። አንዳንዱማ የሚሞት መስሎት ሸሃዳውን አወረደ።

ጠይባ ጀንፈሉ በጆንያ የተከመረበት ሜዳ ላይ ወጥታ ዞረች። ግን ጉድ ፈላ። ፍሬኑ ዝጎ እንጨት ሆኗል፤ ፍሪሲዮኑም ዳግም አልረገጥ አለ። ማጥፊያውን ደግሞ አታውቀውም፤ ድሮም ሞተሩ ሳይጠፋ ነበር ወርዳ ወደ ቤቷ የምትሄደው። ታዲያ ፊቷ ላይ ይታያል? ወላሂ አይታይም! አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ሙሽራ ትዞራለች።

አባቦራ ቆቡን ይዞ ከጎኗ እየሮጠ፣ "አቁሚው! ጀንፈሉን ልትደፈጥጪብን ነው!" ይላል።

"መሪው የማን ነው?"

"ያንቺ ነው ብያለሁ!"

"አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮሃል!"

"ያንቺ! ያንቺ! አገር ይስማ፣ ያንቺ ነው!"

እሷም ዞረች፣ ዞረች፤ ናፍጣው ሲያልቅበት ትራክተሩ ቱፍ ቱፍ ብሎ ዝም አለ። ሻሿን አስተካክላ፣ ረጋ ብላ ወረደች።

"እኔ ስፈልግ ይነሳል፣ ስፈልግ ይቆማል" አለች።

ረሺዳ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን አይታለች፤ ግን በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ማን ይናገራል?

ከዚያ ወዲህ የማህበሩን መሬት የምታርሰው ጠይባ ሆነች። ከአሰንዳቦ ድረስ ሊያዩዋት ይመጡ ነበር። አባቦራም እንግዳ በመጣ ቁጥር "ነጂያችን ሴት ናት፣ የመረጥኳት እኔ ነኝ!" እያለ ደረቱን ይነፋል። ጠይባ ከላይ ሆና ትሰማዋለች። ነዳጁን ረገጥ ታደርግና ድምፁን በሞተር ትውጠዋለች።