የጎረቤቷ የማቆያ ክፍያ

ቺናሚ ራሷን ምቀኛ ብላ አታውቅም ነበር። ጃፓን ውስጥ፣ ካዋጉቺ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ መነጽር ቤት የሰው ዓይን ስትለካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ የባልደረቦቿ እድገት አላስቀናትም፤ ታላቅ እህቷ ግቢ ያለው ቤት ስትገዛም ከልቧ ነው እንኳን ደስ ያለሽ ያለቻት።

ሴት ልጇ ኮቶሃ አራት ወር ሲሞላት የወሊድ ፈቃዱ ማለቂያ አሳሰባትና፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛ የሕፃናት ማቆያዎችን ዋጋ ልታወዳድር ወጣች። የግሎቹ አስደነገጧት። ከጣቢያው ጀርባ ያለው ማቆያ፣ መራመድ ለጀመረ ልጅ በወር ሰባ አራት ሺህ የን፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ዘጠና ሁለት ሺህ ይጠይቃል።

"ለትንሿ ነው እንዴ የሚበዛው?" አለች ቺናሚ። "እሷ እኮ ጠጥታ ከመተኛት ሌላ ሥራ የላትም።"

የማቆያው ኃላፊ ሳቀች። "የሚራመዱትን አንዲት ሞግዚት ስድስቱን ትይዛለች፤ እነዚህን ግን ከሦስት በላይ አንሰጣትም። ሦስቱ አንድ ላይ ካለቀሱ እኮ እሷም አብራ ታለቅሳለች!"

ቀሪው ተስፋ የከተማው አስተዳደር ማቆያ ነበር። እዚያ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ክፍያውም የሚተመነው የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ ነው። ኮቶሃ ግን ዕድል ቀናትና ለሚያዝያ ተቀበሏት፤ በወር ሃምሳ ሰባት ሺህ የን። የዚያን ቀን ባሏ ዮሺታካ፣ የዕቃ መጋዘን ተቆጣጣሪ ነው፣ ከሥራ ሲመለስ ሱሺ ገዝቶ ገባ። "ሠላሳ አምስት ሺህ ተረፈን!" እያሉ በሉ።

እነ ቺናሚ በሚኖሩበት አፓርታማ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ሁለት በር አልፎ፣ ቶሞኤ የምትባል ሴት ትኖራለች። ባሏ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ራመን፣ ማለትም የኑድል ሾርባ፣ የሚሸጥበት ምግብ ቤት አለው፤ እሷም እዚያው ኑድል ትቀቅላለች፣ ሳህን ታጥባለች። ልጇ ሃያቴ ከኮቶሃ ጋር አንድ ክፍል ገባ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ አብረው ወደ ማቆያው ይወርዳሉ። አንዷ "የሃያቴ እናት"፣ ሌላዋ "የኮቶሃ እናት" እያሉ ይጠራራሉ። ቶሞኤ ድምጿ ከደረጃው ሥር የሚሰማ፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። ስለ ሽንት ጨርቅ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ አማት ሁሉ ያወራሉ። ስለ ክፍያ ግን አንስተው አያውቁም።

በመስከረም አንድ ምሽት ቺናሚ ከሥራ ስትገባ በፖስታ ሣጥኗ ውስጥ ከከተማው አስተዳደር የመጡ ሁለት ፖስታዎች አገኘች። ኮቶሃን በአንድ እጇ እንደታቀፈች ሁለቱንም በመቀስ ከፈተቻቸው። የመጀመሪያው ያው ሃምሳ ሰባት ሺህ ይላል። ሁለተኛው ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ።

"ቀነሱልን!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ስሙን አየችው፤ ሃያቴ ይላል።

መልሳ ማጠፍ ነበረባት። እሷ ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ኋላ ፖስታውን በሙጫ ለጥፋ የቶሞኤ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች። ያኔ ሱሺ ያስበላው ሃምሳ ሰባት ሺህ የን፣ አሁን ልክ እንደ ተዘረፈች ያንገበግባት ጀመር። ሁለቱ ልጆች የሚበሉት ያው የካሮት ሾርባ ነው፤ የሚተኙት ያው ፍራሽ ላይ ነው፤ እንዲያውም ሃያቴ የኮቶሃን እጥፍ ይበላል። ደግሞ የቶሞኤ ባል በሐምሌ አዲስ ጥቁር መኪና ገዝቷል።

"ነጋዴ ገቢውን ራሱ ነው የሚጽፈው" አለችው ለዮሺታካ። "የእኛ የደሞዝተኞቹ ግን ሳንቲሟ ሳትቀር ትታያለች።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ራመን ቤት ልክፈት?"

"አታሹፍ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቆይ የእነሱን ክፍያ እንዴት አወቅሽ?" ብሎ ሲጠይቃት ኮቶሃን አንስታ ሽንት ጨርቅ ልትቀይር ሄደች።

በኅዳር አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ጃንጥላ ይዘው ሲወርዱ ቶሞኤ እንደ ልማዷ ማማረር ጀመረች። "ዱቄቱ ጨመረ፣ የአሳማ ሥጋው ጨመረ፣ የሽንት ጨርቁ ጨመረ! ምን ልንሆን ነው፣ የኮቶሃ እናት?"

"አንቺን ምን ቸገረሽ" አለች ቺናሚ ሳታስበው፤ "በዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ የን ልጅ የምታሳድጊ!"

ቶሞኤ ጋሪውን አቆመች። 

"ቁጥሩን ማን ነገረዎት?" አለች። አንቺ መባባላቸው ቀረ።

"ደብዳቤው... በስህተት እኔ ሣጥን ገብቶ..."

"ተለጥፎ ነበር። ፖስተኛው ቀዶት መስሎኝ።" ቶሞኤ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ቺናሚን ከጩኸት ይልቅ ይሄ አስፈራት። "እንግዲህ ቁጥሩን ካዩ አይቀር የቀረውንም ይስሙ። እርስዎ ወልደው ሰባት ወር አረፉ፤ አበልም እየተከፈለዎት። እኔ በሰባተኛው ሳምንት ይሄን ልጅ አዝዬ ሳህን ሳጥብ ነበር። ለባለ ምግብ ቤት ሚስት ፈቃድ የሚሰጥ የለም። መኪናው ሥጋና ዱቄት የምንጭንበት ነው፣ የአምስት ዓመት ብድር አለበት። ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ለራሳችን አንድ የን አልቀረልንም።"

"አላወቅኩም..."

"እርስዎ ነጭ ሸሚዝዎን ለብሰው ሲወጡ እኔ ምን እንደሚሰማኝ ያውቃሉ? እሁድ እሁድ ሦስታችሁ ወደ መናፈሻው ስትሄዱ እኔ በምግብ ቤቱ መስኮት አያችኋለሁ። ስንት ጊዜ ምነው እሷን ባደረገኝ ብያለሁ!" አለችና ጋሪዋን እየገፋች ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቺናሚ አሥር ደቂቃ ቀድማ መውጣት ጀመረች። የሰው ደብዳቤ ከፍታ ማንበቧ ሲታሰባት ፊቷ ይግላል። ለማንም ያልተናገረችው ነገርም ነበር፤ ቶሞኤ በእሷ እንደምትቀና ማወቋ በውስጧ ደስ ብሏታል። በዚህ ደግሞ ይበልጥ አፈረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዕረፍት ቀኗ ካኪ የሚባለውን ጣፋጭ ፍሬ አንድ ካርቶን ይዛ ራመን ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጧል።

"የሃያቴ እናት፣ ያደረግኩት ነውር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ቶሞኤ ካርቶኑን አየች፣ እሷን አየች። "ግቢ" አለች በመጨረሻ። "በር ላይ ቆመሽ ደንበኛ አታባርሪብኝ።"

ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ አቀረበችላት። ቺናሚ በልታ ስትጨርስ ቶሞኤ እጇን ዘረጋች። "ዘጠኝ መቶ ሃምሳ የን። እዚህ ቤት ገቢ ታይቶ አይተመንም፤ ለሁሉም እኩል ነው።"

ሽማግሌው ሁለቱ ሴቶች በምን እንደሚስቁ ግራ ገብቶት ቀና አለ።

ልጆቹ የሦስት ዓመት ክፍል ሲገቡ ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ መንግሥት ስለሚሸፍን የማቆያው ክፍያ ለሁሉም ነፃ ሆነ፤ የቀረው የምሳ አራት ሺህ አምስት መቶ የን ብቻ ነበር። ወረቀቱ በደረሰ ማግስት ቶሞኤ የራሷን ይዛ የቺናሚን በር አንኳኳች።

"ከሌላ ከምትሰሚው ራሴ ላሳይሽ ብዬ ነው" አለች። ገቢያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ የሃያቴ ምሳም ነፃ ነው ይላል።

ቺናሚ አነበበችው፤ ደረቷ ውስጥ ያ ቃጠሎ ተነሳ።

"ቀናሽ አይደል?"

"በጣም!" አለች ቺናሚ።

"እኔም ደሞዝሽ ሳይቆረጥ በምትወጪው የነሐሴ ዕረፍት እየቀናሁ ነው" አለች ቶሞኤና ወረቀቷን አጥፋ ወደ ሥራዋ ሄደች።