ዩኒቨርስን በጎማ ላስቲክ

የበደለኝ በትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ትምህርት ያስተምር የነበረው ሰው ነው፤ ዘመኑም የአብዮቱ አምስተኛ ዓመት። ምሳችንን ከአንድ ሳህን የምንበላ ባልደረባዬ ስለነበር ዛሬም አልረሳሁለትም።

ጉለሌ ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ዩኒቨርስ አፈጣጠር ነው። መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት አንቀጽ ብቻ ስለነበረው፣ አዲሱ ገበያ ካለ ጎሚስታ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለምኜ አመጣሁ። በጠመኔ ነጠብጣብ አደረግሁበትና ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘው ሳቡት። ነጠብጣቦቹ ሁሉ እርስ በርስ ተራራቁ። ጋላክሲዎችም እንዲሁ እየተራራቁ ነው አልኳቸው። ከኋላ ያሉት ለማየት ዴስክ ላይ ወጡ፤ አልከለከልኳቸውም።

አባቷ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ አንዲት ልጅ ላስቲኩን ትኩር ብላ አየችው። ድር ስታጠነጥን ያደገች ናትና፣ ለሷ የተዘረጋ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተጠቀለለ ነበር።

«ወደ ኋላ ብንመልሰው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር፣ ቲቸር?»

አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም አልኳት። እስከ ደወሉ ድረስ ተከራከሩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጥያቄው ከራሴ አልወጣ አለ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ባልደረባዬ በመስኮት ሰምቶ ኖሮ፣ ቅዳሜ በመምህራን የግለሂስ ስብሰባ ላይ ተነሣብኝ። ቁስ አካል መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ዩኒቨርስ መነሻ አለው የሚል ሰው ፈጣሪን በጓሮ በር እያስገባ ነው አለ።

«ጓድ፣ ቅስና ካማረሽ መድኃኔ ዓለም ቅርብ ነው» ብሎ አሳቀብኝ።

ወይ በተማሪዎቹ ፊት አርሚ፣ ወይ ክፍሉን ልቀቂ ተባልኩ። ሌላ እንጀራ አልነበረኝም።

ሰኞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዩኒቨርስ መነሻ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዓርብ አላውቅም ብለውን ነበር። በሦስት ቀን አወቁት?»

ማንም አልሳቀም።

«ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ጻፈች። ዓመቱ እስኪያልቅ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አላወጣችም።

በሚቀጥለው ዓመት ምዕራፉን ዘልዬ ከካርታ ንባብ ጀመርኩ። ጡረታ እስክወጣም በየዓመቱ እንደዚያው አደረግሁ።